ቀለሜ ለምን አመድ ይመስላል፣ ተራራውስ ለምን አልርቅ አለኝ? ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እህቴ፣ ከለጠፍሽው ሥዕል ጋር ሦስት ነገር ጠይቀሻል። ፓሌት (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ) ላይ ያማሩ ቀለሞችሽ ሸራው ላይ ሲያርፉ ለምን አመድ እንደሚመስሉ፣ ከደጃችሁ ሆነሽ የሣልሽው የደሴው ጦሳ ተራራ ከቤቶቹ ጀርባ መራቅ ሲገባው ለምን ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ግድግዳ እንደሆነብሽ፣ እንዲሁም አክሪሊኩን (በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም) ትተሽ ወደ ዘይት ቀለም ብትሻገሪ ችግሩ ይቃለል እንደሆነ። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ኮምቦልቻ የምኖር፣ ከታፔላ ጽሕፈት ተነሥቼ ከሃያ ዓመት በላይ ከብሩሽ ያልተለየሁ ሰው ስለሆንሁ፣ የጠየቅሽውን ሁሉ አንድ በአንድ አልፌበታለሁ። አብሽሪ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ የቤቶቹን አቀማመጥና የመንገዱን ቁልቁለት በትክክል ይዘሽዋል። ቀለም መቀየር ግን መፍትሔ አይሆንሽም፤ ምክንያቱም የተራራው ችግር የሚመነጨው ከቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የብርሃኑንና የጥላውን ደረጃ ካለመለየት፣ የአመዱም በዋናነት ከአቀላቀልሽ ነው።

ሥዕልሽን በስልኬ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ አየሁት። አንቺም አሁኑኑ እንዲሁ አድርገሽ እዪው። ቆርቆሮው፣ ባሕር ዛፉ፣ ተራራውና የሰማዩ የታችኛው ክፍል ሁሉም አንድ ዓይነት መካከለኛ ግራጫ ሆነዋል፤ አረንጓዴውን ከሰማያዊው የለየልሽ የቀለሙ ስም ብቻ ነው። ዓይናችን ቅርብና ሩቅን፣ ክብና ጠፍጣፋን በዋነኛነት የሚለየው በድምቀትና በጨለማ መጠን ስለሆነ፣ ይህ መጠን ሲመሳሰል ምንም ያህል ውድ ቀለም ብትቀቢ ነገሩ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይጣበቃል። መጠኑን በትክክል ከያዝሽው ግን ተራራውን ወይን ጠጅ ብትቀቢው እንኳ ርቆ ይቆማል።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ተራራውን ተዪውና ነጠላ ሣይ። ይህን የምልሽ በራሴ ስላየሁት ነው። ታፔላ ስጽፍ በነበረበት ዘመን ነጭ ነገር ማለት ለእኔ ከቱቦው የሚወጣው ነጭ ቀለም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን እናቴ አጥባ ገመድ ላይ ያሰጣችውን ነጠላ ለመሣል ተቀመጥሁ፤ ከጎኑ በቀይ አፈር የተመረገ ግድግዳ ነበር። ሙሉውን በነጭ ቀባሁትና ወረቀት የተለጠፈ መሰለ። ከዚያ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ደጋግሜ ሳየው፣ ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው የእጥፋቱ ጫፍ ብቻ ነጭ እንደሆነ፣ ወደ ጥላው የዞረው ክፍል ከሰማዩ የተቀበለው ሰማያዊነት ያለበት ግራጫ እንደሆነ፣ ወደ ግድግዳው የዞረው ደግሞ የአፈሩን ቀይነት ተውሶ የጽጌረዳ ዓይነት መልክ እንዳለው ተገለጠልኝ። ከነጠላው ግማሽ የሚበልጠው ነጭ አልነበረም። ያንን ግራጫ በድፍረት ጥቁር አድርጌ ባስቀመጥሁ ጊዜ ነው ጫፉ ላይ ያኖርሁት ጥቂት ነጭ እንደ ፀሐይ የበራው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በርንት ሲየና የሚባለውን ቡናማ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ቀላቅይ፤ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ጥልቅ ቀለም ይሰጥሻል። ከዚያ ነጭ እየጨመርሽ ከጥልቁ እስከ ነጩ አምስት ደረጃ አዘጋጂና በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀብተሽ አስቀምጪው። የምትሥይውን ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከአምስቱ በአንዱ መድቢ፤ ስድስተኛ አትጨምሪ። ነጠላ፣ ጀበና፣ የሸክላ ድስት፣ እንቁላል በሰፌድ ላይ፣ ቤት ውስጥ ያገኘሽው ሁሉ ይሆናል፤ ብርሃኑ ግን ከአንድ መስኮት ብቻ ይምጣ። አምፖልና መስኮት አንድ ላይ ከሆኑ ጥላው ሁለት ይሆንና ጀማሪን ያደናግራል።

ወደ ጦሳ ስትመለሺ ደግሞ አንድ ትንሽ መሣሪያ ያዥ። ግራጫ ካርቶን ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ በሺና በአንድ ዓይንሽ በቀዳዳው ውስጥ ተራራውን እዪ። አእምሮሽ «ተራራ አረንጓዴ ነው» ብሎ ስለሚያውቅ አረንጓዴ ያስመስልሻል፤ በቀዳዳው ውስጥ ብቻውን የሚታየው ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ገርጣ ያለ ግራጫ ነው። ቀዳዳውን ወዲያው ወደ ቅርቡ ባሕር ዛፍ ብታዞሪው ልዩነቱ ያስደነግጥሻል። በመካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን፣ በተለይም ሰማያዊውን አብልጦ ስለሚበትን፣ ሩቅ ያለው ጨለማ ነገር ይነጣል፣ ይሰማያዋል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። በሥዕልሽ ላይ የተራራውን ጥላ የቀባሽው ከቤቶቹ በር ጨለማ ጋር እኩል አድርገሽ ነው፤ ግድግዳ ያደረገብሽም ይኸው ነው። በአንድ መልክዓ ምድር ውስጥ እጅግ ጥቁሩ ጥቁርና እጅግ ስሉ ጠርዝ ከፊት ለፊት ብቻ ይቀመጡ።

የሰዓቱንም ነገር አትናቂው። ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ሸንተረሩና ገደሉ ይለያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ወደ ጀርባው ስለምታዘቀዝቅ ተራራው በሙሉ አንድ ትልቅ ጥላ ይሆናል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ነገር ግን ጠዋት ጀምረሽ ከሰዓት ብትጨርሺው ሁለት የተለያዩ ተራሮችን በአንድ ሸራ ላይ ሣልሽ ማለት ነው። እኔ በአንድ መቀመጫ ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆይም፤ ካልጨረስሁ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት እመለሳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትሆንና ጥላ ስለሚያጥር ለጀማሪ አይመከርም። በመስከረም ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሩቁ ተራራ ቅርብ መስሎ ይታያል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ርቀቱን ወደ ቢጫማ ግራጫ ይወስደዋል። ስለዚህ «ሩቅ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው» ብለሽ ሳታዪ አትቀቢ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩትን ጨምሮ በጥንቶቹ የብራና ሥዕሎቻችን፣ እንዲህ ያለ ጥላና ርቀት የለም፤ ጥርት ያለ ቀለም በጠንካራ መስመር ይታጠራል። ይህ ሌላ ሥርዓት እንጂ የእውቀት ጉድለት አይደለም። አንቺ የጠየቅሽው ስለ ርቀት ስለሆነ በዚያው ላይ መለስሁ፤ ወደፊት ወደ መስመርና ወደ ጥርት ያለ ቀለም ብታደዪ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አመዱ እንምጣ። ከጻፍሽው እንደተረዳሁት ማንኛውንም ቀለም ለማብራት ነጭ፣ ለማጨለም ጥቁር ትጨምሪያለሽ። ነጭ ያበራል፤ ነገር ግን የቀለሙን ኃይል ይቀንሳል፣ ያቀዘቅዘዋልም። ይህን በደንብ የተማርሁት የአያቴን ፊት ስሥል ነው። ጠይም ናት፤ ጉንጯ ላይ ያረፈውን ብርሃን ቡናማ በነጭ ቀላቅዬ ባስቀምጠው ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ለመልካችን የሚስማማው መንገድ ሌላ ነው። መሠረቱን በበርንት ሲየናና አፈርማ በሆነው በኦከር ቢጫ ያዢ፤ ወደ ብርሃኑ ስትወጪ በቅድሚያ ኦከሩን፣ ከዚያም ጥቂት ቀይ አብዢ፣ ነጩን በመጨረሻ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ጨምሪ። ወደ ጥላው ስትወርጂ በጥቁር ፋንታ አልትራማሪን ጨምሪበት። ግንባርና አፍንጫ ላይ የሚያበራው ነጥብ ደግሞ የቆዳው ቀለም ሳይሆን የሰማይ ወይም የመስኮት ነጸብራቅ ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰማያዊ ያለበት ነጭ ቢሆን እውነት ይመስላል።

ለመነሻ ስድስት ቱቦ ይበቃሻል፤ ቲታኒየም ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና፣ ኦከር ቢጫ፣ ሎሚ ቢጫና ክሪምሰን ቀይ። ሃያ አራት ቀለም ያለበት ርካሽ ሣጥን አትግዢ። ቱቦው ጀርባ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የቀለም መለያ አንብቢ፤ አንድ መለያ ብቻ ካለው፣ ለምሳሌ አልትራማሪን ላይ ፒቢ 29 ብቻ ከተጻፈ፣ ቀለሙ ከአንድ የቀለም ዱቄት የተሠራ ነው። ሦስት አራት መለያ ካለው ገና ሳትነኪው ድብልቅ ነው፤ ሁለት እንዲህ ያሉትን ስትቀላቅይ ስድስት ሰባት ዱቄት ተቀላቀለ ማለት ስለሆነ መደፍረሱ አይቀርም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቅልቅል ውስጥ ነጩን ሳልቆጥር ከሁለት ቀለም አላልፍም። የውሃ ዕቃሽም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለመጀመሪያ እጥበት፣ ሌላው ለማለቅለቅ። የደፈረሰ ውሃ ውስጥ የታጠበ ብሩሽ ሎሚ ቢጫን ወዲያው ያበላሸዋል።

አክሪሊክ ሲደርቅ ከእርጥቡ ትንሽ ይጨልማል። ፓሌት ላይ ያማረሽ ቀለም ሸራው ላይ የከዳሽ በከፊል በዚህም ነው፤ ስለዚህ ዳር ላይ ጥቂት ቀብተሽ እስኪደርቅ ጠብቂና አወዳድሪ። ደግሞም ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ እኛ ዘንድ ስትሥዪ ሙቀቱ ቀለሙን ፓሌት ላይ ሳለ ያደርቅብሻል። እኔ ዝርግ ሣህን ላይ የረጠበ ጨርቅ አነጥፌ፣ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት አድርጌ ቀለሙን በዚያ ላይ አወጣለሁ፤ ሲከደን እስከ ማግሥቱ ይቆያል።

ወደ ዘይት ቀለም መሻገርን በተመለከተ፣ ገና አትቸኩዪ እላለሁ። ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጠርዝ ለማለስለስ ይመቻል፤ የደረጃ ስሕተትን ግን አያርምልሽም፣ የራሱንም ሕግ ያመጣል። እኔ በወጣትነቴ የማቅጠኛ ዘይት አልቆብኝ፣ ለዘመዴ ሠርግ ስጦታ የምሠራውን ሥዕል ኩሽና ባገኘሁት ፓልም ዘይት አቅጥኜ ቀባሁት። ከዓመት በኋላ ሳየው ገና ይለጥፍ ነበር፤ የመንገዱ አቧራ ሁሉ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ተጣብቋል። ዘይት ውሃው ተንኖ እንደሚደርቅ ጨርቅ አይደለም፤ የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠጥራል፣ ፓልም ግን ከቶ አይጠጥርም። ስትጀምሪ ሦስት ነገር ያዢ። የታችኛው ድርብ ቀጭንና ዘይቱ ጥቂት፣ የላይኛው ዘይቱ በዛ ያለ ይሁን፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በአክሪሊክ ላይ ዘይት ይቀባል፣ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይይዝም። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተሽ ደጅ አድርቂው ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ክተቺው።

ስለ ሸራም በአጭሩ፤ ለልምምድ አቡጀዲ በጣውላ ፍሬም ላይ ወጥረሽ፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ የሸራ ነጭ መደብ ሁለት ጊዜ ቀቢበት፤ በየመካከሉ ሲደርቅ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እሺው። ያልተቀባ ጨርቅ ላይ ዘይት ቀለም በቀጥታ ካረፈ ዘይቱ ክሩን ውሎ አድሮ ይበላዋል። መደቡ ነጭ ሆኖ ከመጀመር ይልቅ በቀጠነ በርንት ሲየና ወይም ኦከር አጥቢው፤ ከነጭ ጎን ሁሉም ቀለም ጨለማ ስለሚመስል ጀማሪ ሳያውቀው ያነጣዋል።

የለጠፍሽውን ሥዕል ደግሞ አትጣዪው፤ ይስተካከላል። ነጭ፣ ጥቂት አልትራማሪንና ከብሩሽ ጫፍ ያልበለጠ በርንት ሲየና ቀላቅይ። በደረቅ ሰፊ ብሩሽ ጥቂት ቀለም አንሥተሽ፣ ትርፉን ጨርቅ ላይ ጠርገሽ፣ በደረቀው ተራራ ላይ ጭጋግ ይመስል ስስ አድርገሽ አሻሺው፤ የታችኛው አረንጓዴ በመጠኑ እንዲታይ ተዪው። ግርጌው ላይ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ ባለው ስፍራ፣ ጉሙ በሚያርፍበት፣ በዛ አድርጊው፤ ወደ ጫፉ ቀንሺ። ከዚያ ከፊት ያለውን አንድ የበር ጨለማና የባሕር ዛፉን ግንድ በጥልቁ ቅልቅል አጥቁሪ፣ ሌላ ምንም አትንኪ። ሲደርቅ በስልክሽ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረሽ ሁለቱን፣ የቀድሞውንና የአሁኑን፣ ጎን ለጎን ለጥፊልን።