ኪኒኑን ልጀምር ወይስ በምግብ ልሞክር ላልከው

ወንድሜ፣ ኤልዲኤልህ (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 165 ሆኖ ኮሌስትሮል የሚያወርደው ኪኒን አቶርቫስታቲን ሲታዘዝልህ «ቅቤ ትቼ ስፖርት ብሠራ አይበቃም ወይ?» ብለሃል። ቁጥሩ ብቻ አይወስንም። ስኳር ካለብህ፣ ወይም የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ነክቶህ ከሆነ፣ እባክህ መድኃኒቱን አታዘግይ። ኤልዲኤልህ 190ና ከዚያ በላይ ቢሆንም እንደዚሁ፤ በዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል በምግብ ብቻ አይወርድም።

ከእነዚህ ነጻ ከሆንክ ግን «ሦስት ወር ልሞክር?» ብለህ ሐኪምህን ጠይቀው። ክትፎና ጮማውን ቀንስ። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በሱፍ ዘይት ቀይር፤ ብዙ ሰው ቅቤ ትቶ እሱን ይረሳዋል። ጠዋት በሶ፣ ምሳ ምስር ወይም ሽሮ ብላ። የገብስ አሰር ኤልዲኤል ይቀንሳል። ጾም ነው ብለህም ሳምቡሳና ፓስቲ አታዘውትር።

ለስፖርቱ ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ውጣ። ደረጃው ላይ የሚሮጠውን ሰው ስታይ ራስህ ትነሳሳለህ። ስፖርት ለልብህ በጣም ይጠቅማል፤ ኤልዲኤልን ግን ብቻውን ብዙም አያወርድም። ስታቲን (እንደ አቶርቫስታቲን ያለው ኪኒን) እንደ መጠኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያወርዳል፤ ምግብ ያን ያህል አይደርስም።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ደምህን ተመርመር። ካልወረደ ኪኒኑን ጀምር፣ ምግቡንም አትተው። ጡንቻህን ካመመህ በራስህ አታቋርጥ፤ ለሐኪሙ ንገረው፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ይቀይርልሃል።