ወደ ፍጥሞ ለምትጓዙ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

አቴንስ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ፍጥሞን አምስት ጊዜ አይቻታለሁ። ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል። «ስለ ደሴቲቱ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከየአገሩ መጣ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ የማውቀውን ያህል እነሆ።

«ግሪክ ከሄድኩ አይቀር ሳንቶሪኒን ባይ አይሻልም? ፍጥሞ ምን አላት?» (ከፍራንክፈርት)

ወንድሜ፣ ሳንቶሪኒ ውብ ናት፤ አትሂድ አልልህም። ግን አንተን እዚያ የሚያውቅህ ነገር የለም። ፍጥሞ ስትደርስ ግን ስሟን ከልጅነትህ ጀምሮ ስትሰማው የኖርክ ነህ። ዮሐንስ ራሱ «ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበርሁ» ብሎ ጽፏል፤ ራእይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነዋሪዎቿም 3,000 ያህል ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. የግሪክ መንግሥት «ቅድስት ደሴት» ብሎ በሕግ አውጇታል። ጭፈራ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ጸጥታ፣ ባሕርና ታሪክ ለሚፈልግ ግን ከዚህች የተሻለ ደሴት አላየሁም።

«እንዴት ነው የሚደረሰው? አውሮፕላን አለ?» (ከዱባይ)

የለም። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ትልቅ መርከብ ትሳፈሪያለሽ፤ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት አልፎ ስለሆነ፣ ማደሪያሽን ቀድመሽ ያዢና ከወደብ እንዲቀበሉሽ ንገሪያቸው። ሌላው መንገድ በአውሮፕላን ቆስ ወይም ሳሞስ ደሴት ወርዶ ከዚያ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው።

ቪዛን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የምታመለክቺውም በሕጋዊ መንገድ ከምትኖሪበት አገር ነው፣ ማለትም ካለሽበት። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በሐምሌና በነሐሴ መልተሚ የሚሉት ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ አለ። እሱ ሲነሳ መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ይከለከላል። ስለዚህ መመለሻ በረራሽን ከደሴቲቱ በወጣሽበት ቀን አታድርጊው። አቴንስ አንድ ሌሊት እደሪ።

«ዮሐንስ ራእዩን ያየበት የሚባለው ዋሻ ውስጥ በእውነት ምን ይታያል? ልጆቼ ሊወስዱኝ ነው፣ እግሬ ግን ደካማ ነው።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እናቴ፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርዎት።

ወደቡ ስካላ ይባላል። ላይ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ዋና መንደር ደግሞ ሆራ። (ሆራ ሲባል ቢሾፍቱ ትዝ ይልዎት ይሆናል፤ በግሪክ ደሴቶች ግን ዋናው መንደር ማለት ነው።) ዋሻው የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። አውቶቡስም ታክሲም በሩ አጠገብ ያደርስዎታል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወደ ዋሻው የሚወረደው በደረጃ ነው፣ ደረጃውም ብዙ ነው። አንድ ልጅ ክንድዎን ይያዝዎት፤ አይቸኩሉ።

ዋሻው ትንሽ ነው። እንደ ካቴድራል የሚያስቡ ሰዎች ይደነግጣሉ። በአንድ ጎን ከቅድስት ሐና ጸሎት ቤት ጋር የተያያዘ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ጥቁር አለት ነው። አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ መነኮሳቱ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። በግድግዳው ዝቅ ብሎ በብር የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ አለ። በትውፊታቸው ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ሲነሳ እጁን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ ያሳያሉ። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ፣ በእኛ መጻሕፍት አብሮኮሮስ የሚባለው፣ ቆሞ የሚጻፈውን የጻፈበት ቦታም አለ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ደግሞም ጥሩ ነው።

ይህን ስጽፍ እንኳ የሚመጣብኝን አንድ ነገር ልንገርዎት። ግሪኮች ዋሻውን «የአፖካሊፕሲስ ዋሻ» ይሉታል፤ የራእይ ዋሻ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ጠባቂው ሲናገረው ሰማሁና ቆምኩ። አቡቀለምሲስ! አያቴ ጥር 4 ቀን ስትዘክረው «ዮሐንስ አቡቀለምሲስ» ትለው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ቃሉ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተሻግሮ፣ ከግእዝ ወደ አያቴ አፍ ገብቶ፣ ባሕር አሻግሮ እኔን እዚያ ዋሻ ውስጥ አገኘኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

የሚሄዱበትን ሰዓት ይምረጡ። ትልልቅ የመርከብ ጉብኝቶች ጠዋት ላይ ስለሚደርሱ ዋሻው በሰው ይሞላል። ገና ሲከፈት ይሂዱ፤ ወይም መርከቦቹ በሌሉበት ቀን። ቀትር ላይ ይዘጋል።

«ሴቶች መግባት ይፈቀድላቸዋል? ልብሱስ?»

አዎ፣ ይፈቀዳል። ሴት እንደማይገባበት እንደ ግሪኩ የአቶስ ተራራ ገዳማት አይደለም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ከያዛችሁ ሁሉን ትጨርሳለች። ነጠላ ተከናንባ የገባችን አንዲት እኅታችንን አንድ አዛውንት ቄስ ቆመው ባርከዋታል፤ አይቻለሁ።

«ሆራ ላይ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ምሽግ ይመስላል፤ ለምንድን ነው?»

ምሽግም ነበር። ቅዱስ ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ በ1088 እ.ኤ.አ. ከቢዛንቲን ንጉሠ ነገሥት ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን በወርቅ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ ተሰጠው። ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን አንድ መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። ባሕሩ በወንበዴ የተሞላ ስለነበር ግንቡን ወፍራም አድርገው ሠሩት። በዙሪያው ያለው ነጭ መንደርም ከግንቡ ጥላ ሥር ያደገ ነው። ቁስጥንጥንያ በ1453 ስትወድቅ ከዚያ የሸሹ፣ በ1669 ደግሞ ከቀርጤስ የተሰደዱ ሰዎች እዚያ ሰፈሩ። ለዚህ ነው የአንዳንዱ ቤት በር የባላባት ቤት የሚመስለው። ዩኔስኮ ሆራን፣ ገዳሙንና ዋሻውን በ1999 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ሙዚየሙን አትለፉት። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ገዳሙ ውስጥ አለ፤ 33 ቅጠል፣ ሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ። የቀረው የዚያ መጽሐፍ ክፍል በየአገሩ ተበታትኗል። በ895 የተገለበጠ የፕላቶን ብራናም እዚህ ነበር። በ1801 አንድ እንግሊዛዊ ገዝቶ ወሰደው፣ ዛሬ ኦክስፎርድ ነው። ከመቅደላ የተወሰዱትን ብራናዎቻችንን ለንደን ያየ ሰው የመነኮሳቱን ስሜት ለመረዳት ማስረጃ አይጠይቅም።

«በፋሲካ መሄድ ይሻላል ወይስ በበጋ?» (ከነታንያ)

በፋሲካ። ሳላመነታ።

መጀመሪያ ደስ የሚለው ነገር፣ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚውለው። በ2019 ዓ.ም. ለምሳሌ ሚያዝያ 24 ነው፤ በእነሱ ሜይ 2 ቀን 2027። ገናቸው ግን በዲሴምበር 25 ነው፣ ፍልሰታቸውም ኦገስት 15። ፍልሰታቸው ከእኛ ሰባት ቀን ይቀድማል።

በጸሎተ ሐሙስ ፍጥሞ ላይ «ኒፕቲራስ» የሚሉት ሥርዓት አለ። አደባባይ ላይ መድረክ ይሠራል። አበ ምኔቱ በጌታ ቦታ፣ ዐሥራ ሁለት ካህናት በሐዋርያት ቦታ ሆነው ይቀመጣሉ። ወንጌሉ እየተነበበ አበ ምኔቱ ወገቡን ታጥቆ እግራቸውን ያጥባል። ሕዝቡ ሁሉ በዙሪያው፣ በየደረጃውና በየሰገነቱ ቆሞ ያያል። ለአውሮፓ ጎብኚ ይህ ብርቅ ነው። በግሪክም ቢሆን በጥቂት ቦታ ብቻ ነው የሚታየው። ለእኛ ግን ሕፅበተ እግር በየአጥቢያው አለ። አንድ የግሪክ ጓደኛዬ «አስገራሚ አይደል?» ሲለኝ፣ «እኔ ሰፈር ቄሱ የእኔንም እግር አጥበውኛል» አልኩት። አላመነኝም። ጉልባን ስለመብላታችንም ነገርኩት።

ዓርብ ማታ በአበባ ያጌጠ የጌታ መቃብር ምሳሌ ተሸክመው በሆራ ጠባብ መንገዶች ይዞራሉ። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት መብራት ሁሉ ይጠፋል። ከመቅደስ አንድ ሻማ ይወጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ መንደሩ በሙሉ ይበራል። «ክሪስቶስ አኔስቲ» ይላሉ፤ መልሱ «አሊቶስ አኔስቲ» ነው። ሻማውን ሳይጠፋ ቤት አድርሰው በበራቸው መቃን ላይ በጭሱ መስቀል ይሠራሉ። ከዚያ ማዕድ ነው፦ ከበግ ሆድ ዕቃ፣ ከእንቁላልና ከሎሚ የሚሠራ ማጊሪጻ የሚሉት ሾርባ፣ ቀይ የተቀባ እንቁላል። እንቁላሉን እርስ በርስ ያጋጫሉ፤ ያልተሰበረለት ዕድለኛ ነው። በማግስቱ ገዳሙ ውስጥ የትንሣኤው ወንጌል በተለያዩ ቋንቋዎች ይነበባል።

ለዚያ ሳምንት መርከብና ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ።

«እዚያ ቆርቤ መመለስ እችላለሁ?»

ይህን ብዙዎች ጠይቃችሁኛል። አጭሩ መልስ፣ አይቻልም። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ እኛና እነሱ በምሥጢር አንድ አይደለንም። ገዳሙ በቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሥር ነው። ልባችሁ ይከብዳል፣ የእኔም ከብዶኛል። ግን ቆሞ ማስቀደስ፣ ሻማ ማብራት፣ መሳለም ማንም አይከለክላችሁም። ደግሞ «ኪርዬ ኤሌይሶን» ሲሉ ስትሰሙ፣ የእኛው «ኪርያላይሶን» መሆኑን ጆሯችሁ ወዲያው ይነግራችኋል። ጥያቄ ያለው ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር።

«ጾም ላይ ብሆን ምን እበላለሁ?» (ከአዲስ አበባ)

አታስቢ እኅቴ። «ኒስቲሲሞ» በይ፤ የጾም ማለት ነው። ፋቫ የሚሉት የተፈጨ ቢጫ ክክ አለ፤ በርበሬ የሌለው ክክ ወጥ በይው፣ ከላይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። በምድጃ የበሰለ ትልልቅ ባቄላ፣ የሽምብራ ሾርባ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የተቀቀለ የዱር ጎመን አለ። እነሱ በጾም ዓሣ ባይበሉም «ደም የለውም» ብለው ኦክቶፐስና ስኩዊድ ይበላሉ። ስለዚህ «የጾም ነው» ብለው ቢያቀርቡልሽ አትገረሚ፤ ካልፈለግሽ ንገሪያቸው። የፍስክ ጊዜ ከሆነ የደሴቲቱን የአይብ ቂጣ ቅመሺ። ፑጊያ የሚሉት በለውዝ የተሞላ ጣፋጭም የፍጥሞ ነው።

«ልጆች አሉኝ፣ መዋኛ አለ?»

ሞልቷል። ካምቦስ ለልጆች ይመቻል። ፕሲሊ አሞስ አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ግን በጀልባ ወይም በእግር ነው የሚደረሰው። ላምቢ ጠጠሩ ባለ ቀለም ነው። ልጆቹ ኪሳቸውን እንዳይሞሉ አደራ፤ ባለበት ይቆይ።

«ጣሊያን ገዝቷት ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው። ፍጥሞ ከዶዴካኔዝ ደሴቶች አንዷ ናት። እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ኦቶማን ያዛት፣ ከዚያ ጣሊያን። ስካላ ወደብ ላይ ቅስት ያለው ትልቁ ሕንፃ የጣሊያን ዘመን ነው። እናንተ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ጣሊያን እነዚህን ደሴቶች ለግሪክ የለቀቀችበት የ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል፣ የኢትዮጵያን ነፃነትና ሉዓላዊነት ያወቀችበትም ውል ነው። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ሕዝብ። ይህን ለአንድ የስካላ ሽማግሌ ስነግራቸው የቡናዬን ሂሳብ አላስከፍልህም አሉኝ።

«ግሪክኛ ካላወቅኩ እቸገራለሁ?»

አትቸገሩም፤ እንግሊዝኛ ይበቃል። ግን «ካሊሜራ» (እንደምን አደራችሁ) እና «ኤፍካሪስቶ» (አመሰግናለሁ) ብትሉ ፊታቸው ይፈታል። ካፌ ስትቀመጡ ደግሞ እጃችሁን ያሳረፋችሁበትን ጠይቁ፤ «ትራፔዚ» ይሏችኋል። የእኛ ጠረጴዛ ከዚያ የመጣ ነው።

«ስንት ቀን ይበቃል?»

አራት። አንዱን ለዋሻው፣ አንዱን ለገዳሙና ለሆራ፣ አንዱን ለባሕር። አራተኛው ቀን ምንም አታቅዱበት። ማለዳ ከስካላ በድሮው የድንጋይ መንገድ ወደ ሆራ በእግር ውጡ፤ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። መንደሩ ጫፍ ላይ ሦስት የነፋስ ወፍጮዎች አሉ፤ ሁለቱ ከ1588 ጀምሮ የቆሙ ናቸው። እዚያ ተቀመጡ። ዙሪያውን የምታዩት ባሕር ዮሐንስ ያየው ባሕር ነው።