የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አውቶቡሱ ከተገዛ በኋላ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪና የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ከጠባሴ ወደ ሥራ ስንሄድ ሦስት ሰው በሚይዝ ባጃጅ አራትና አምስት ሆነን እንታጨቃለን፤ ሲመሽ ደግሞ ዋጋውን የሚቆርጠው ሹፌሩ ነው። ከተማችን እንዲህ ሰፍታ ሳለ ለብዙኃን ትራንስፖርት ቋሚ የመንግሥት ገንዘብ የማይመደበው ለምንድን ነው? አውቶቡስ ቢገዛ ታሪፉ ራሱን አያስተዳድርም ወይ? በሸዋ ሮቢት በኩል የተዘረጋው ሐዲድስ ለእኛ አይተርፍም?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ ለሌሎቹም መንገድ ስለሚከፍት ከእርሱ እንጀምራለን። በአብዛኞቹ የዓለም ከተሞች ታሪፍ ብቻውን የብዙኃን ትራንስፖርትን አያስተዳድርም። ሙሉ ወጪው ከትኬት ይሸፈን ቢባል ዋጋው አገልግሎቱ የታሰበለትን ዝቅተኛ ተከፋይ መልሶ በእግሩ ያስኬደዋል።

ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር እንመልከት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈጀ ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ተሳፋሪው በጅምሩ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ይከፍል ነበር፤ ዕዳው ግን የሚመለሰው በዶላር ነው። ያን ጊዜ 21 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። መለዋወጫውም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆመው ቀርተዋል። ለግንባታው አበዳሪ ተገኝቶ ለጥገናው በየዓመቱ የተረጋገጠ ገንዘብ መታጣቱ፣ በእኛ ግምት፣ የችግሩ ዋና ሥር ነው።

ወደ ቋሚ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የአውቶቡስ ዕድሜ ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚለመን ገንዘብ ለግዥው ይበቃ ይሆናል፤ ለጋራዡ፣ ለመካኒኩና ለጎማው ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ተቀናሽ እርሱ ነው። ስለዚህ «የረጅም ጊዜ ገንዘብ» ስንል ምንጩ በሕግ የተወሰነ፣ ለሌላ ጉዳይ የማይዛወር ገቢ ማለታችን ነው። ለአገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ እየሰበሰበ ለመንገድ ጥገና እንዲያውል የተፈጠረ ነው። የጎደለው ለአስፋልቱ የተደረገው ለአውቶቡሱ አለመደረጉ ነው።

ሌሎች አገሮች የተለያየ ምንጭ መርጠዋል። በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2008 ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጥ ድምፅ በሽያጭ ታክስ ላይ በየዶላሩ ግማሽ ሳንቲም ለ30 ዓመት እንዲጨመር ወሰኑ፤ ገቢው ለረጅም ዘመን የታወቀ ስለሆነ እርሱን መያዣ አድርጎ መበደር ተቻለ። ለደብረ ብርሃን ይበልጥ የሚስማማው ግን የፈረንሳዩ ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1971 በፓሪስ አካባቢ በተጀመረው በዚህ አሠራር ቀጣሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ መጠን ጋር የተያያዘ መዋጮ ለሕዝብ ትራንስፖርት ይከፍላሉ፤ ዛሬ ግዴታው 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ይመለከታል። ሠራተኛው በሰዓቱ መድረሱ የሚጠቅመው ፋብሪካውንም ነውና ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው። በእኛም ዘንድ ሰርቪስ የሚያቀርቡ ድርጅቶች በየፊናቸው ለሹፌር፣ ለነዳጅና ለኮንትራት መኪና ያወጣሉ፤ ያ ወጪ በአንድ ቋት ቢገባ መዋጮው አዲስ ሸክም ብቻ አይሆንባቸውም። የነዳጅ ክፍያን ብንጨምር ግን የከተማዋን አውቶቡስ በዓመት አንዴ እንኳ የማይሳፈረው የመሐል ሜዳና የእነዋሪ መንገደኛም ጭምር ከፋይ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ተጨማሪ በር ይከፍታል፤ መስመር የተዘረጋበት ሰፈር ቤትና መሬት ዋጋው ይጨምራልና።

መዋጮው በከተማ አስተዳደር ደብዳቤ የሚጣል አይደለም፤ ሕግና የተለየ ሒሳብ ያስፈልገዋል። ሕጉ ሲወጣም ገንዘቡ ከአዲስ ግዥ በፊት ለጥገና እንዲውል ቢደነግግ እንመርጣለን፤ ሪባን የሚቆረጠው ለግዥው ብቻ ስለሆነ ጥገናው ጠበቃ የለውም።

ሐዲዱን በተመለከተ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ከቱርክና ከአውሮፓ ባንኮች በተገኘ ብድር የተጀመረ ሲሆን፣ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ግንባታው ቢገባደድም በኃይል አቅርቦት ችግርና በጦርነቱ ጉዳት ሳቢያ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቢጀምርም መስመሩ በቆላው የሚሄድ እንጂ ደጋውን የሚወጣ አይደለም፤ ከደብረ ብርሃን እስከዚያ ጣርማ በርን ወርዶ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እርስዎን የሚጠቅመው ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተናበበ አውቶቡስ ሲኖር ነው፤ የዚያም አውቶቡስ ወጪ ከላይ ከጠቀስነው ቋት ካልተሸፈነ በቀር ሌላ ከፋይ አይታየንም።