በ200 አክሲዮን ጉባኤ ልሂድ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ለሆስፒታሎች የሕሙማን መዝገብ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ 200 አክሲዮን አለኝ። ሰሞኑን የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ደረሰኝ። ወፍራም ሪፖርትና የውክልና ቅጽም አብሮ መጥቷል። ባለቤቴ «በ200 አክሲዮን ምን ልትለውጪ ነው? ለሰብሳቢው ውክልናውን ፈርመሽ ላኪና ተገላገይ» ይለኛል። እኔ ግን መሄድ እፈልጋለሁ። ችግሩ የሒሳብ ሰው አይደለሁም። እጄን አውጥቼ የማይረባ ነገር እንዳልጠይቅ እፈራለሁ። ደግሞስ በዕረፍት ሰዓት ሠራተኞቹን ጠጋ ብዬ ስለ ሥራው ብጠይቅ ነውር አለው?

የ200 አክሲዮን ባለቤት

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ።

ባለቤትሽ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ድምፅሽ ውጤቱን አይለውጠውም። በትንሽ ኩባንያ አብዛኛው አክሲዮን በመሥራቾቹና በጥቂት ትልልቅ ባለድርሻዎች እጅ ስለሚሆን፣ የቦርድ ምርጫውም ሆነ የኦዲተር ሹመቱ ብዙውን ጊዜ ስብሰባው ሳይጀመር ያለቀ ነገር ነው። ጉባኤ የሚኬደው ግን ለድምፅ ብቻ አይደለም። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ብትሆኚ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር የሚያገናኝሽ መንገድ የለም። እዚህ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ያለበት ክፍል ውስጥ ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው፣ ገንዘቡን የያዘው ሰው፣ ሒሳቡን የመረመረው ኦዲተር ፊት ለፊትሽ ይቀመጣሉ። ይህን ዕድል ሪፖርት አንብበሽ አታገኚውም።

መጠየቅሽ ደግሞ ችሮታ አይደለም፤ ሰዎች ታግለው ያመጡት ነገር ነው። የኔዘርላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1602 ሲቋቋም ከ10 ዓመት በኋላ ሒሳቡን ለሕዝብ እንደሚያሳይ መቋቋሚያ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ዳይሬክተሮቹ አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ1622 ባለአክሲዮኖቹ ተነሥተው «ሒሳቡን አምጡ» የሚል በራሪ ጽሑፍ እያተሙ በተኑ። ያኔ የተጠየቀው ጥያቄ ዛሬ አንቺ ይዘሽው የምትገቢው ጥያቄ ነው፦ ገንዘባችን የት ነው ያለው?

አሁን ወደ ወፍራሙ ሪፖርት እንምጣ። ከፊት አትጀምሪው። የሰብሳቢው መልእክትና ፎቶዎቹ ይቆዩሽ። መጀመሪያ የኦዲተሩን ገጽ ፈልጊ። ከላይ «ለኩባንያው ባለአክሲዮኖች» ብሎ ይጀምራል። የተጻፈው ለአንቺ ነው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ኩባንያው ሥራውን ስለመቀጠሉ ከፍተኛ ጥርጣሬ አለ የሚል ቃል ካየሽ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን ይዘሽ ግቢ። ከሌለ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ማብራሪያዎቹ ሂጂ። ደቃቅ ፊደል ስለሆኑ ሰው ይዘላቸዋል። ዋናው ጉዳይ ግን ያለው እዚያ ነው።

በሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የፕሮግራመሮች ደመወዝ እንዴት እንደተመዘገበ ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም። ኩባንያው በዓመቱ ለፕሮግራመሮች 10 ሚሊዮን ከፈለ እንበል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 38 ለምርምር የወጣ ገንዘብ እዚያው በዓመቱ ወጪ ይሁን ይላል። ሥራው ወደ ማበልጸግ ከተሸጋገረ በኋላ ግን፣ ሶፍትዌሩ ሊጠናቀቅ እንደሚችልና ገቢ እንደሚያመጣ ካሳዩ፣ ከሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች ጋር ገንዘቡ እንደ ሀብት ይመዘገባል። ከ10 ሚሊዮኑ ውስጥ 6 ሚሊዮኑን ሀብት ካሉት የዓመቱ ወጪ 4 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ይታያል። ትርፉ በ6 ሚሊዮን ገደማ ያብጣል። ከባንክ የወጣው ገንዘብ ግን ያው 10 ሚሊዮን ነው። ሀብት የተባለው 6 ሚሊዮን በሚቀጥሉት ዓመታት እየተቆራረሰ ወጪ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ካልተሸጠ ደግሞ አንድ ቀን ባንድ ጊዜ ይሰረዛል።

ይህ ሕገወጥ አይደለም። ደረጃው ራሱ የሚያዘው ነው። ግን ትርፍ እያሳየ ጥሬ ገንዘቡ የሚያልቅበት ኩባንያ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ክፈቺና «ኢንቨስትመንት» ከሚለው ክፍል ሥር ለሶፍትዌር ማበልጸጊያ የወጣውን ተመልከቺ። ከዚያ ጥያቄሽን በወረቀት ጻፊው፦ «ገጽ ይህን ያህል ላይ፣ ሀብት ተብሎ የተመዘገበው ሶፍትዌር ዛሬ ስንት ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ነው?» የሒሳብ ሰው መሆን አያስፈልግሽም። ይህን ጥያቄ ማንም «የማይረባ» ሊለው አይችልም።

ሌላው ከደንበኞች ጋር የተያያዘ ነው። የአክሲዮን ገበያ ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ከገቢው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከአንድ ደንበኛ የሚያገኝ ከሆነ ይህን እንዲገልጽ የሒሳብ ደረጃው ያስገድደዋል። የደንበኛውን ስም ግን መናገር የለበትም። ያንቺ ኩባንያ ካልተመዘገበ ማብራሪያው ላይ ላታገኚው ትችያለሽ። ያኔ መጠየቅ ነው። ተሰብሳቢ ሒሳቡንም፣ ማለትም ተሸጦ ገና ያልተከፈለውን ገንዘብ፣ ከሽያጩ ጋር አስተያዪ። ሽያጩ በጥቂቱ አድጎ ያልተሰበሰበው ገንዘብ እጥፍ ከሆነ ሶፍትዌሩን የወሰዱት እየከፈሉ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። ከተዛማጅ ወገኖች ጋር የተደረጉ ግብይቶች የሚለውንም አንብቢው። የመሥራቹ ወንድም ለኩባንያው ቢሮ ቢያከራይ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ስምሽ መዝገቡ ላይ መኖሩን አረጋግጪ። ብዙ አገር ውስጥ የመግባትና ድምፅ የመስጠት መብት የሚወሰነው በጉባኤው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት በተቆረጠ ቀን ነው። ለምሳሌ በአሜሪካዋ ዴላዌር ሕግ ይህ ቀን ከጉባኤው ከ10 ቀን ባላነሰና ከ60 ቀን ባልበለጠ ጊዜ በፊት መሆን አለበት። አክሲዮንሽ በደላላ ድርጅት ስም የተያዘ ከሆነ ደግሞ የአክሲዮኑ ባለቤት አንቺ መሆንሽን የሚያሳይ ደብዳቤ ቀደም ብለሽ ጠይቂ። በር ላይ «ስምዎ የለም» መባል ያናድዳል። መታወቂያም አትርሺ።

አዳራሹ ውስጥ የሰው ፊት ማየት የሚቻልበት ቦታ ተቀመጪ። ጥያቄሽ አንድ ይሁን። አጭር ይሁን። የገጽ ቁጥር ይኑረው። አራት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ የሚጠይቅ ሰው ቀላሉ ብቻ ተመርጦ ይመለስለታል። ለምን እንደጠየቅሽ ማብራራት፣ «ይቅርታ እኔ ባለሙያ አይደለሁም» እያሉ መጀመር አያስፈልግም። ባለቤት ነሽ።

ከዚያ በኋላ ያለው ከመልሱ አይተናነስም፦ ማን እንደሚመልስ ተመልከቺ። ረጅም ዘመን ሒሳብ ስሠራ ብዙ ጉባኤ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባንዱ ላይ አንድ ባለአክሲዮን «ትልቁ ደንበኛችሁ ውሉን ባያድስ ስንት ወር ትቆያላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሥራ አስፈጻሚው ወደ ፋይናንስ ኃላፊዋ ዞረ። እሷ ሪፖርቱን ታገላብጥ ጀመር። አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አድርጋ ቀና ስትል ሰብሳቢው ማይክራፎኑን ሳብ አድርጎ «በጽሑፍ እንመልሳለን፣ ቀጣይ ጥያቄ» አለ። ሴትዮዋ ቁጥሩን ታውቀው ነበር። ጣቷ እዚያው ገጹ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ቃለ ጉባኤ አይጽፈውም። በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባ ላይም አይታይም። እዚያ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው በጽሑፍ ይላካል፣ የሚነበበውን ደግሞ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ምርጫ ካለሽ በአካል ሂጂ የምልሽ ለዚህ ነው።

ሰብሳቢው «ይህ የንግድ ምስጢር ነው» ካለሽ አትደንግጪ፣ አትቆጪም። አንዳንዴ እውነት ነው። በእንግሊዝ ሕግ እንኳ ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ጉባኤ ላይ ከአጀንዳው ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሲጠየቅ የመመለስ ግዴታ ቢኖርበትም ምስጢር የሚያወጣ ከሆነ ይተዋል። የዋጋ ዝርዝርና የግለሰብ ውል ምስጢር ሊሆኑ ይችላሉ። በእጅ ያለው ገንዘብ አሁን ባለው ወጪ ስንት ወር ያቆያል የሚለው ግን ለባለቤቱ የሚከለከል አይደለም። ቁጥሮቹ ሪፖርቱ ላይ አሉና። መልሱ ጭጋግ ከሆነ በትሕትና «ቁጥሩን ብቻ» በያቸው። ኦዲተሩ ካለም ሒሳቡን የሚመለከተውን ለእሱ አቅርቢ። ሰብሳቢው ሊመልስልሽ ቢሞክር «ከኦዲተሩ ብሰማው ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል።

ስለ ዕረፍት ሰዓቱ ጠይቀሽኛል። ነውር የለውም። ጠጋ ብለሽ ጠይቂ። ሶፍትዌሩን ሆስፒታል ሄዶ የሚተክለውን ልጅ ካገኘሽ በጣም ጥሩ ነው። ነርሶቹ ሲስተሙን ወደውታል ወይ? ሲበላሽ ማን ይጠራል? አንድ ሆስፒታል ለማስጀመር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ሰው ስለሚወደው ሥራ ሲጠየቅ ይናገራል። ካልወደደውም ፊቱ ላይ ታነቢያለሽ።

አንድ ነገር ላይ ግን አደራ እልሻለሁ። ዕረፍት ላይ አንዱ ጆሮሽ ጋ ቀረብ ብሎ «ለማንም አትንገሪ፣ በሚቀጥለው ወር ትልቅ ውል እንፈራረማለን» ሊልሽ ይችላል። አክሲዮኑ ገበያ ላይ የሚሸጥ ከሆነ ይህን ይዘሽ ተጨማሪ አክሲዮን እንዳትገዢ። ለወንድምሽም እንዳትነግሪ። ለሕዝብ ባልወጣ፣ ዋጋ በሚያንቀሳቅስ ወሬ መገበያየት በብዙ አገር ወንጀል ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ደንብ ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ዋጋ የሚያንቀሳቅስ መረጃ ለተመረጡ ባለሀብቶች ለይቶ እንዳይናገር ከልክለዋል። የነገረሽ ሰው ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ደስ ብሎት ነው። ችግር ውስጥ የምትገቢው ግን አንቺም ነሽ። በዚያ ላይ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ «ሊፈረም ነው» የተባለ ውል ስንቱ ሳይፈረም እንደሚቀር አይቻለሁ።

አጀንዳው ላይ ተጨማሪ አክሲዮን ስለማውጣት የሚል ካለ ግን በደንብ ነቃ በይ። ለትንሽ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የተለመደ ነገር ነው፤ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ጎበዝ ፕሮግራመሮችንም በአክሲዮን ማቆየት ይፈልጋል። ያንቺ 200 ግን ከ100,000 ውስጥ ሲሆንና ከ150,000 ውስጥ ሲሆን አንድ አይደለም። ስንት ይወጣል፣ በስንት ዋጋ፣ ለማን፣ ነባር ባለአክሲዮኖችስ ቅድሚያ አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ድምፅ አሰጣጡንም አስተውዪ። ብዙ ቦታ እጅ በማውጣት ሲሆን አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው፤ በአክሲዮን ብዛት ሲቆጠር ግን ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። በእንግሊዝ ሕግ አምስት ባለአክሲዮኖች ከተባበሩ በአክሲዮን እንዲቆጠር መጠየቅ ይችላሉ። የእናንተ መተዳደሪያ ደንብ ምን እንደሚል አስቀድመሽ እዪው።

ማታ ቤት ስትገቢ፣ ሳይረሳሽ፣ ምን ጠየቅሽ፣ ማን ምን ብሎ መለሰ የሚለውን ቀኑን ጠቅሰሽ ጻፊ። «በዚህ ዓመት ሁለተኛውን ምርት እናወጣለን» ካሉ ቃል በቃል ጻፊው። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ ስለዚያ ምርት አንድ መስመር ካጣሽ ጥያቄሽ ተዘጋጅቶልሻል።

የውክልና ቅጹን በተመለከተ፣ ራስሽ የምትሄጂ ከሆነ መላክ የለብሽም። ድንገት መሄድ ካልቻልሽ ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው ሌላ ሰው ውክልና መስጠት ይቻል እንደሆነ ደንቡን እዪ። ለሰብሳቢው የምትሰጪ ከሆነም በእያንዳንዱ አጀንዳ አንጻር «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ባዶ ትተሽ ፈርመሽ ከላክሽው አብዛኛውን ጊዜ ሰብሳቢው እንደፈለገው ይሞላዋል። የመላኪያው የመጨረሻ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከጉባኤው 48 ሰዓት በፊት ነው። ያንቺው ቅጽ ላይ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይሆናልና ዛሬውኑ ፈልጊው።