ከሰል፣ ብሪኬት፣ ፔሌት፦ የምድጃ ማገዶ ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ ስለ ማገዶ የሚጠይቀን ሰው ይበዛል። ከመሀል ከተማ የደረሱንን ከነመልሳቸው እነሆ። የገበያ ዋጋ አልጻፍኩም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል። ስሌቱን ግን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የግራር ከሰል ማዳበሪያው ከባሕር ዛፉ ይወደዳል። ልዩነቱ ያዋጣል?

መልስ፦ ደረቅና በደንብ የከሰለ ከሆነ ሁለቱም በኪሎ የሚሰጡት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ 29 ሜጋጁል አካባቢ። ግራር ግን ድፍን ነው፤ በአንድ ማዳበሪያ ብዙ ኪሎ ይገባል፣ ፍሙም ይቆያል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይያያዝና ቶሎ ያልቃል። ለቡና ባሕር ዛፉ ይበቃል፤ ሰዓታት ለሚፈልግ ወጥ ግራሩ ይሻላል። ስለዚህ ማዳበሪያን ከማዳበሪያ አያወዳድሩ፣ ሚዛን ላይ ያውጡት። አንዱንም ሰብረው ይዩ። ስባሪው ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ውስጡ ቡናማ ከሆነ ጥሬ ነውና ዓይን በሚያቃጥል ጭስ ቤቱን ይሞላዋል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የገዛሁት ብሪኬት አመዱ ፍሙን እየሸፈነ ያጠፋብኛል። ካላራገብኩት አይነድም።

መልስ፦ አፈር ሳይበዛበት አይቀርም፣ እህቴ። ብሪኬት ድቃቂ ከሰል በማጣበቂያ ተለውሶ የሚሠራ ነው። ማጣበቂያው ስታርች ከሆነ አብሮ ይነዳል፤ ሸክላ አፈር ከሆነ ግን እንዳለ አመድ ሆኖ ይቀራል። ሞላሰስ ያለበት ደግሞ ሲያያዝ ይጨሳል።

እቤትዎ ይለኩት። 200 ግራም መዝነው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ያንድዱና የቀረውን አመድ ይመዝኑ። 10 ግራም ከሆነ 5 በመቶ ነው፣ እሰየው። 50 ግራም ከሆነ ግን ከገንዘብዎ ሩቡ ለአፈር ነው የወጣው። እንዲህ ያለው ብሪኬት ሙቀቱ በኪሎ ወደ 20 ሜጋጁል ይወርዳል። 20ን ለ29 ሲያካፍሉት 0.69 ይመጣል። እንግዲህ ከሰል በኪሎ 100 ብር ነው ብንል፣ ለዚህ ብሪኬት ከ69 ብር በላይ መክፈል ኪሳራ ነው።

የገዙትን ለመጨረስ፣ ከታች አንድ እፍኝ ከሰል አያይዘው ብሪኬቱን ክፍተት እየተዉ ይደርድሩበት። በየ20 ደቂቃው አመዱን ቀስ አድርገው በፍርግርጉ ያራግፉት። አይሰባብሩት፤ ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ወንድሜ ከጣሊያን የፔሌት ምድጃ ሊልክልኝ ነው። በቡና ገለባ ፔሌት ማንደድ ይቻላል?

መልስ፦ አልመክርም። እነዚህ ምድጃዎች የተሠሩት 6 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው የእንጨት ፔሌት፣ ማለትም ተጨምቆ ለተሠራ የሰጋቱራ ፍሬ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ኤ1 የሚባለው አመዱ ከ0.7 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ አይበልጥም። የቡና ገለባ አመድ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የባሰው ግን ጠባዩ ነው። ፖታሲየም ስለሚበዛበት አመዱ በቀላሉ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ደግሞ እንደ ጠርሙስ የጠነከረ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ፔሌቱ የሚነድበትን ኩባያ የአየር ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከዚያ ነበልባሉ ይደክማል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ የሚወርደው ፔሌት ሳይነድ ይከመራል፣ በመጨረሻም ምድጃው ራሱን ያጠፋል።

ከንጹሕ ሰጋቱራ ብቻ የተጨመቀ ይፈልጉ። አንዱን ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጣሉት፤ ጥሩው ይሰምጥና ከደቂቃዎች በኋላ አብጦ ወደ ሰጋቱራነቱ ይመለሳል። ከተንሳፈፈ በደንብ አልተጨመቀም። ከረጢቱ ሥር ዱቄት ከበዛ ደግሞ ፔሌቱን የሚገፋው ጠመዝማዛ ይታነቃል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ምድጃው ከፋብሪካ በመጣበት ልክ ከተነደደ አየር ያጥረዋል፤ ባለሙያ የማራገቢያውን ፍጥነት ከፍ ወይም የፔሌቱን አወራረድ ቀነስ ያድርግለት። ነበልባሉ ሰነፍና ጫፉ ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል፤ ፔሌቱ ከኩባያው እየተፈናጠረ ከወጣ በዝቶበታል። ሌላው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ጭስ የሚያስወጣው ማራገቢያ ይቆማል፣ ኩባያው ውስጥ ያለው ፔሌት ግን መጨሱን አይተውም። የጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ከጣሪያ በላይ ካልወጣ ጭሱ ሳሎን ይገባል። በመስኮት በኩል አጥፎ ማውጣት የለመደብን ነገር ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ ፔሌቱን በላቀች ምድጃስ?

መልስ፦ አይሆንም። ላቀች የከሰል ምድጃ ነው፣ ፔሌት ደግሞ ያልከሰለ እንጨት ነው። ፍርግርጉ ላይ ተጠቅጥቆ ይጨሳል እንጂ አይነድም።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ከሰሉ ውጭ ተያይዞ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ በኋላ መኝታ ቤት ቢገባ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ይገድላል። ጭሱ ያስልዎታል፣ ዓይንዎን ያቃጥልዎታል፣ ስለዚህ ይነሣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ የሚወጣውም ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። «እስከ ንጋት ይቆይ» ተብሎ አመድ የለበሰ ፍም አየር ስለሚያጥረው የባሰ ነው። ግራር ሆነ ብሪኬት ለውጥ የለውም፣ መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሁሉንም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ያውጡ፤ የተዝለፈለፈ ካለ ሐኪም ቤት ይድረስ። ለመኝታ ቤት ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመተኛትዎ በፊት 2 ሰዓት ቢሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚቆጥረው።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ከሰሉ ውሃ ተረጭቶበት ቢሆን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ 1 ኪሎ መዝናችሁ 2 ቀን ፀሐይ ላይ አስጡትና እንደገና መዝኑት። 850 ግራም ከሆነ 15 በመቶው ውሃ ነበር። ስትገዙ ደግሞ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ፣ እጃችሁን እስከ ማዳበሪያው ሥር ስደዱ፤ ውሃውም ድቃቂውም የሚወርደው ወደዚያ ነው።