ለጅማ ልጆች፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

እኔ ጠበቃ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ጅማ የሰው ውል በማንበብ ነው፤ የቡና ሽያጭ፣ የቤት ኪራይ፣ የብድር፣ የቅጥር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ውል ነው። ሩሲያ ሄዶ ዩክሬን ውስጥ ለመዋጋት ስለሚፈረመው።

ነገሩ የቆየ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ብዙ ወጣት ማስረጃውን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ኤምባሲው ተዋጊ እንደማይመለምል ተናገረ። ሰልፉ ቀረ፣ ወሬው ግን አልቆመም። ደላላ ደግሞ «ጦርነት» ብሎ አይጀምርም። ሾፌር፣ ጥበቃ፣ ወጥ ቤት ይላል። ሕንድ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወጣቶችን በሥራ ስም አታሎ ወደዚያው ግንባር የሚልክ የደላሎች መረብ እንዳገኘች አስታውቃለች። ኔፓል ደግሞ ዜጎቿ ለሥራ ወደ ሩሲያም ሆነ ወደ ዩክሬን እንዳይሄዱ ከልክላለች።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። «የአንድ ዓመት ውል ነው» ይሏችኋል። ወረቀቱም አንድ ዓመት ሊል ይችላል። ፕሬዚዳንት ፑቲን መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈረሙት የከፊል ክተት ድንጋጌ ግን የወታደሮች ውል የክተቱ ጊዜ እስኪያበቃ ጸንቶ ይቆያል ይላል። የሚሰናበተው የዕድሜ ጣሪያ የደረሰ፣ በጤና ምክንያት ለአገልግሎት አይበቃም የተባለ ወይም ፍርድ ቤት እስራት የፈረደበት ነው። «ዓመቴ ሞላ» የሚል ምክንያት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እዚህ አገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራው ያልተመቸው ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። እዚያ በክተት ጊዜ ክፍሉን ጥሎ ከወር በላይ የጠፋ ወታደር ከ5 እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። በፈቃዱ እጁን የሰጠም ይከሰሳል። እስቲ አስቡት፤ ቋንቋውን በማታውቁት ወረቀት ላይ ያኖራችሁት ፊርማ ነው ይህን ሁሉ የሚያመጣው።

«ዜግነትም ይሰጣሉ» የሚለኝ ልጅ አለ። ልክ ነው፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የወጣ ድንጋጌ ውል ለሚፈርሙ የውጭ ሰዎች ዜግነት ማግኘቱን አቅልሏል። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ታዲያ ብትማረክ፣ ብትቆስል፣ ብትጠፋ፣ እናትህ የማንን በር ታንኳኳ?

«አባቶቻችንስ ኮሪያ ዘምተው የለ?» ትሉ ይሆናል። ዘምተዋል። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የሄደው ግን በመንግሥት ትእዛዝ፣ በራሱ ባንዲራ ሥር፣ በራሱ አዛዦች እየተመራ ነው። ስሙ በመዝገብ ነበር። ብቻውን በደላላ እጅ የሄደ ልጅ እንዲህ ያለ ጠያቂ የለውም።

ለምን መሄድ እንደምትፈልጉ አይጠፋኝም። ሰነፍ ናችሁም አልልም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሂርማታ መርካቶ ሸክም የሚጠብቅ ልጅ አውቃለሁ። ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ የአባቱን የቡና መሬት ከብድር ማውጣት ያለበት አለ። ችግሩ እውነት ስለሆነ ነው ደላላው የሚሰማው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ለቤተሰቡ የሚያስበው ልጅ ነው ቀድሞ የሚወጣው።

ሩሲያን ጠልቼም አይደለም። እኩዮቼ ብዙዎቹ እዚያ ተምረው መጥተው አገር አገልግለዋል። ትምህርት ሌላ፣ ምሽግ ሌላ።

ስለዚህ ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ። ሕጋዊ የውጭ አገር ሥራ በአብዛኛው የሚያልፈው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ነው፤ የኤጀንሲውን ፈቃድ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ አጣሩ። «ለማንም እንዳትናገር» ያላችሁን ሰው ደግሞ ወዲያው ለቤተሰብ ተናገሩበት። ወረቀት ተልኮላችሁ ከሆነ ሳትፈርሙ ወደ እኔ ወይም ወደምታውቁት ጠበቃ አምጡት። እኔ ለዚህ ሳንቲም አልጠይቅም። ሩሲያኛ የሚያነቡ ወዳጆች አሉኝ፣ ቁጭ ብለን ቃል በቃል እናያለን። ስትመጡ እናታችሁን ወይም ታላቃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀቱ የሚለውን እነሱም መስማት አለባቸው።