ሌንስ ከመግዛትሽ በፊት ስልክሽን ከትሪው አርቂው

እህቴ፣ «በትዕዛዝ የምሠራውን የጾም በየዓይነቱ በስልኬ ሳነሳው ትሪው ይጣመምብኛል፣ ከፊት ያለው ወጥ ገዝፎ ከኋላ ያለው ያንሳል፤ በስልክ ላይ የሚሰካ ሌንስ ልግዛ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው አጭሩ መልስ «አትግዢ» የሚል ነው። ረጅሙን መልስ የምጽፍልሽ፣ እኔም የምግብ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት እንዳንቺ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ስልክና በአንድ መስኮት ስለሆነ፣ ከዚያም በኋላ የደረሰብኝ ኪሳራ በሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ ስለማልፈልግ ነው።

1. መጠኑን የሚያዛባው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ሞላላ መምሰሉ የማይቀር ስለሆነ እሱ አያስጨንቅሽ። የሚያስቀይመው የወጦቹ መጠን መበላለጥ ነው። የእንጀራ ትሪ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት አለው እንበል። ስልክሽ ከቅርቡ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከሩቁ ጠርዝ ደግሞ 75 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ አጠገብሽ ያለው ምስር ወዲያ ማዶ ካለው ጎመን ሁለት እጥፍ ተኩል ገዝፎ ይታያል። ወደ ኋላ ሸሽተሽ ርቀቶቹን 120 እና 160 ካደረግሻቸው ግን ብልጫው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ዓይን ደግሞ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። የስልክ ዋና ሌንስ፣ ክፍል ሙሉ ሰው እንዲያሳይ ሆኖ ሰፊ የተደረገ በመሆኑ፣ ትሪው ፍሬሙን፣ ማለትም የፎቶውን ክልል፣ እንዲሞላ ስትፈልጊ ወደ ምግቡ እንድትጠጊ ያስገድድሻል፤ መዛባቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ራቂና ሁለት እጥፍ ዙም አድርጊ። ዙም ምስሉን ይቆርጠዋል እንጂ በቅርቡና በሩቁ ነገር መካከል ያለውን የመጠን ዝምድና አይለውጠውም፤ ያንን የሚለውጠው አንቺ የቆምሽበት ቦታ ብቻ ነው። ካሜራው ላይ 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ለምግብ ፈጽሞ አትንኪው፤ በፍሬሙ ማዕዘን ያስቀመጥሽው ስኒ ሁሉ ወደ ውጭ የወደቀ ይመስላል።

2. የምታነሺበትን አንግል የምግቡ ቁመት ይወስነው። በየዓይነቱ ጠፍጣፋ ምግብ ነው፤ ውበቱም በቀለሞቹ አደራደር ላይ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ከላይ መነሳት አለበት። ይህን ስታደርጊ ስልኩ ከትሪው ጋር ትይዩ መሆን ይኖርበታል። በአንዳንድ ስልኮች ካሜራው ወደ ታች ሲዞር ሁለት የመደመር ምልክቶች ይታያሉ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ስልኩ ተስተካክሏል ማለት ነው። ለዶሮ ወጥ ግን እንቁላሉም፣ የወጡም ውፍረት፣ የድስቱም ከንፈር እንዲታዩ፣ ገበታ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያይበት ዘንበል ያለ አንግል ይሻላል። ጀበናን ከላይ ያነሳ ሰው አንገቷንና ጆሮዋን አጥቶ አንድ ጥቁር ክብ ይዞ ይመለሳል፤ ለእሷ ስልኩን እስከ ስኒው ከንፈር ዝቅ አድርጊው። ኤድዋርድ ዌስተን የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1930 አንዲት የፈረንጅ ቃሪያን ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ በሚገለበጥበት የቆርቆሮ ፈነል አፍ ውስጥ አስቀምጦ ያነሳትን ፎቶ ፈልገሽ እይው። ፍሬሙ ውስጥ ያለችው ያቺ አንዲት ቃሪያ ብቻ ናት፤ ክብደቷ የሚሰማን ብርሃኑና ካሜራው የቆመበት ቦታ ስለተመረጡላት ነው። እኛ ዘንድ ግን ጎድሎ እንዳይታይ እየተባለ በትሪው ዙሪያ ቄጤማውም፣ ሚጥሚጣውም፣ የለስላሳ ጠርሙሱም ይደረደራል፤ ዓይንም የሚያርፍበት ያጣል።

ፍሬሙን በሦስት በሦስት ስለሚከፍሉት መስመሮችም ላንሳ፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ መስመሩ ላይ ካልዋለ ፎቶው ስህተት ነው የሚሉ አሉና። ክብ ትሪ ከላይ ሲነሳ ራሱ ሚዛን ያለው ቅርጽ ስለሆነ መሐል ላይ ማረፉ አያስነውረውም። መቁረጥ ከፈለግሽም ሆን ተብሎ የተቆረጠ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሲሶውን ቁረጪ፤ ጠርዙን ለጥቂት መንካት ግን ያላለቀ ሥራ ያስመስለዋል።

3. በትሪው ዙሪያ ባዶ ቦታ ተዪ፤ ምስሉ የሚወጣበትንም ቅርጽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ይህን ነጥብ አደራ የምልሽ ብዙ ስለተጎዳሁበት ነው። አንድ ምግብ ቤት ለዐቢይ ጾም የሚሰቀል ባነር አዘዘኝና በየዓይነቱን ከላይ፣ በዙሪያው ሰፊ የጠረጴዛ እንጨት ትቼ አነሳሁት። ባለቤቱ አይቶ ወደደው፣ ግማሹንም ክፍያ ሰጠኝ። ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ግን ዲዛይን የሚሠራው ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ዙሪያውን ሁሉ ቆርጦ ጣለው፤ የቀረው ምስል አራት ማዕዘን፣ ባነሩ ደግሞ ረጅም በመሆኑ፣ እንዲሞላለት ወደ ጎንና ጎን ለጠጠው። ትሪው እንደ ጀልባ ረዘመ፣ ክኩና ሽሮው ተጎትተው ምን እንደሆኑ መለየት አቃተ። ላስረዳ ብሄድ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ምግብ ነው፤ ማን ይለካዋል?» ብሎ መለሰልኝ፤ አለቃውም ወንበር እንኳ ሳያሳየኝ አሰናበተኝ። ምግብ ቤቱም ጥፋቱን በእኔ አላክኮ ቀሪውን ክፍያ ከለከለኝ፤ ባነሩ ግን ጾሙ እስኪፈታ በሩ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። የተቆረጠው እንጨት እኮ ለስልክ ቁጥሩና ለዋጋው መጻፊያ ታስቦ የተተወ ነበር! ከዚያ ወዲህ ባነሩ በቁመትና በወርድ ስንት እንደሆነ ሳልጠይቅ አንድም ምግብ አላነሳሁም፤ አንዱን ጠበብ፣ አንዱን ሰፋ አድርጌ አነሳለሁ፤ «ምስሉ አይለጠጥም» የሚለውንም በቴሌግራም ጽፌ እሺታውን እቀበላለሁ። በተከታዩ ዓመት ሌላ ምግብ ቤት ፎቶዬን ሳይነካ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ደንበኞች በጣታቸው እያሳዩ «ይህን» ብለው ሲያዙ ሰምቼ እጅግ ኮርቻለሁ።

አንቺም በትዕዛዝ የምትሠሪ ስለሆነ ፎቶሽ ቲክቶክ ላይ በቁመት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በእኩል ጎን መቆረጡ አይቀርምና የተውሽው ቦታ ያድንሻል።

ብርሃኑን ከጎን አምጪው። የእንጀራ ዓይን የሚታየው እያንዳንዷ ቀዳዳ በአንድ በኩል ጥላ ሲኖራት ነው፤ የስልኩ ፍላሽ ከፊት ሲመታት ግን ዓይኑ ሁሉ ጠፍቶ እንጀራው ወረቀት ይመስላል። ከረፋዱ 3 ሰዓት አካባቢ መስኮት አጠገብ አንሺ፤ ፀሐዩ በቀጥታ ከገባ ነጠላ ጋርጂበት። የቤቱንም አምፖል አጥፊው፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል ሽሮው ቀለሙን ይለውጣል።

ለሌንስ ያሰብሽውን ገንዘብ ስልኩን ከትሪው በላይ በአግድም የሚይዝ ክንድ ላለው ማቆሚያ አውይው። ቁመቱ ካልበቃሽ ትሪውን ከጠረጴዛ አውርደሽ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀምጪው። ስልኩ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ርቀቱን፣ ፍሬሙንና ብርሃኑን በባዶው ትሪ ላይ አስተካክለሽ ትጨርሻለሽ። እንጀራው ጠርዙ እንዳይደርቅ እስከዚያው በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው። ወጡንም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ከወትሮው ወፈር አድርገሽ ጨልፊውና መረቁ እንጀራው ውስጥ ሳይሰርግ ወዲያው አንሺው።